አራቱ ረድፎችና የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት፦ በእርግዝና ክብደት መመሪያ ላይ የቀረበ ሒሳዊ ምልከታ

ስለ ነፍሰ ጡር እናቶች አመጋገብ በሚዘጋጁ የማስተማሪያ ጽሑፎች ውስጥ አንድ ትንሽ ሠንጠረዥ በተደጋጋሚ ይገኛል። ረድፎቹ አራት ናቸው። ከማርገዟ በፊት ክብደቷ ለቁመቷ የሚያንስ ሴት በእርግዝናዋ ዘመን ከ12.5 እስከ 18 ኪሎ ግራም፣ ተስማሚ ክብደት ያላት ከ11.5 እስከ 16፣ ክብደቷ ከመጠን ያለፈ ከ7 እስከ 11.5፣ በጣም የወፈረች ደግሞ ከ5 እስከ 9 ኪሎ ግራም እንድትጨምር ይመክራል። የሠንጠረዡ ምንጭ የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው፣ ካትሊን ራስሙሰን በሰበሰቡት ኮሚቴ የተዘጋጀው ዘገባ ነው። ዘገባው በመቶዎች የሚቆጠሩ ገጾች ያሉት ሲሆን፣ ወደ ምርመራ ክፍል የደረሱት ግን አራቱ ረድፎች ብቻ ናቸው ማለት ይቻላል። በመንገድ ላይ የቀረው ነገር ምን እንደሆነ፣ መቅረቱም በተለይ በእርግዝና የመጀመሪያ ሦስት ወራት ምን እንደሚያስከትል መመርመር፣ ሠንጠረዡን ለሚጠቀም የጤና ባለሙያ ሁሉ አስፈላጊ ነው።

ስለ ነፍሰ ጡር ክብደት የሚሰጠው ምክር በየዘመኑ ተለዋውጧል። እ.ኤ.አ. በ1889 የሐምቡርጉ ሐኪም ሉድቪግ ፕሮኾቭኒክ ዳሌያቸው ጠባብ የሆነ ሴቶች ልጃቸው አነስ ብሎ በቀላሉ እንዲወለድ በማሰብ፣ ፈሳሽንና ኃይል ሰጪ ምግብን የሚቀንስ አመጋገብ ያዙ ነበር። በቀዶ ሕክምና መውለድ ለሕይወት እጅግ አስጊ በነበረበት በዚያ ዘመን ሐሳቡ እንግዳ አልነበረም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ደግሞ ብዙ የአሜሪካ ሐኪሞች ፕሪኤክላምፕሲያን ይከላከላል በሚል እምነት የነፍሰ ጡር ክብደት ከ7 እስከ 9 ኪሎ ግራም ገደማ ከመጨመር እንዳያልፍ ይቆጣጠሩ ነበር። እምነቱ በማስረጃ አልጸናም። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የዚያው አገር የምርምር ምክር ቤት ዘገባ ገደቡን ወደ 9 እና 11 ኪሎ ግራም አሳደገው፤ የ1990ው ዘገባ ደግሞ ምክሩን በእናቲቱ የቅድመ እርግዝና ክብደት ከፋፍሎ አቀረበ። የ2009ኙ ዘገባ የዚህ ረጅም ክርክር የቅርብ ምዕራፍ እንጂ መደምደሚያው አይደለም።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ የጤና ባለሙያ የተለየ ትርጉም አለው። በብዙ የአገሪቱ አካባቢዎች ነፍሰ ጡር ሴት «ልጁ ይገዝፍና ምጡ ይከብደኛል» ብላ ምግብ ስትቀንስ እንደ ኋላ ቀር ልማድ ይቆጠርባታል። የሐምቡርጉ ሐኪም በሙያው ስም ያዘዙት ግን ይህንኑ ነበር። ሆስፒታል በራቀበት ቀበሌ የተራዘመ ምጥ የሚያስከትለውን ሞትና ፊስቱላ በጎረቤቷ ያየች ሴት ፍርሃቷ ከድንቁርና የመነጨ አይደለም። ስለዚህ የት እንደምትወልድ፣ ምጥ ሲመጣ በምን ተሳፍራ እንደምትደርስ ሳይነጋገሩ «ጨምረሽ ብዪ» ማለት ለጥያቄዋ መልስ አይሆንም። የአመጋገብ ምክርና የወሊድ ዝግጅት ምክር በሁለት የተለያዩ ገጾች መጻፋቸው የመጻሕፍቱ ጉድለት ነው፤ በእናቲቱ አእምሮ ውስጥ አንድ ጉዳይ ናቸው።

ወደ ዘገባው ስንመለስ፣ በጎ ጎኑ መታወቅ አለበት። ከ1990ው ቀዳሚው በተለየ ሁኔታ የእናቲቱን የኋላ ጤና ከልጁ የውልደት ክብደት እኩል መዝኗል፤ ከወሊድ በኋላ ሳይወርድ የሚቀር ክብደት፣ በቀዶ ሕክምና መውለድ፣ ለዕድሜው እጅግ ያነሰ ወይም የገዘፈ ልጅ፣ የልጁ የወደፊት ውፍረት፣ ሁሉም በአንድነት ተመርምረዋል። የክብደትና የቁመት ምጣኔው፣ ማለትም ቢኤምአይ፣ መክፈያ ነጥቦች ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር እንዲስማሙ ተደርገዋል። በጣም ለወፈሩ ሴቶችም ቀድሞ «ቢያንስ» ተብሎ በዝቅተኛ ወሰን ብቻ የተሰጠው ምክር ላይኛው ወሰን ተበጅቶለታል። ይሁንና በዚያው ረድፍ ውስጥ ቢኤምአይዋ 31 የሆነችውም 42 የሆነችውም አንድ ላይ ተመድበዋል፤ ኮሚቴው ከዚያ በላይ ለመለየት በቂ ማስረጃ አላገኘም። ማስረጃውም በአብዛኛው ከምልከታ ጥናቶች የተገኘ በመሆኑ፣ ክብደቱ ውጤቱን ማምጣቱን ሳይሆን ከውጤቱ ጋር አብሮ መታየቱን ነው የሚያሳየው። ይህን ዘገባው ራሱ አልሸሸገም።

ያልሸሸገው ሌላም ነገር አለ። መመሪያው ለአሜሪካ ሴቶች የተዘጋጀ መሆኑን፣ በሌሎች ያደጉ አገሮችም ሊያገለግል እንደሚችል፣ ነገር ግን ሴቶች ከአሜሪካውያን በቁመት በእጅጉ በሚያጥሩበት ወይም በሚቀጥኑበት፣ በቂ የማዋለጃ አገልግሎትም በሌለበት የዓለም ክፍል እንዲሠራበት ያልታሰበ መሆኑን በግልጽ ያስታውቃል። ይህ ማስጠንቀቂያ ከአራቱ ረድፎች ጋር አብሮ አልተጓዘም። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳየው ለመውለድ ዕድሜ ከደረሱ ሴቶች 22 በመቶው ቀጫጮች፣ ማለትም ቢኤምአይያቸው ከ18.5 በታች ሲሆን፣ ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው ወይም የወፈሩት 8 በመቶ ነበሩ። ዘገባው «ለእነዚህ አይሁን» ካላቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ለመሆኗ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

በአንጻሩ የሠንጠረዡ ቁጥሮች ለሌላው ዓለም ፈጽሞ ባዕድ ናቸው ማለት ስሕተት ይሆናል። ናይሮቢን ጨምሮ በስምንት አገሮች በተካሄደው የኢንተርግሮውዝ ጥናት፣ ጤናማና ተስማሚ ክብደት የነበራቸው ሴቶች እስከ 40ኛው ሳምንት በአማካይ 13.7 ኪሎ ግራም ጨምረዋል፤ ይህም በሁለተኛው ረድፍ ወሰን መካከል ይውላል። በሚገባ የተመገበች፣ ጤናዋም የተሟላ ሴት በየትኛውም አገር ተቀራራቢ ክብደት ትጨምራለች ማለት ነው። ስለዚህ ዋናው ችግር ቁጥሩ ባዕድ መሆኑ ላይ አይደለም። ሴትየዋን በየትኛው ረድፍ ማስቀመጥ እንደሚገባ ለማወቅ አለመቻሉ ላይ ነው።

ሠንጠረዡ የሚጠይቀው ከእርግዝና በፊት የነበረውን ክብደት ነው። ይህን የምታውቅ ሴት በገጠር ጤና ጣቢያ ማግኘት ብርቅ ነው። የመጀመሪያው ሚዛን ብዙ ጊዜ የሚገኘው በመጀመሪያው የቅድመ ወሊድ ክትትል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በመጀመሪያው ሦስት ወር ክትትል የጀመሩት 20 በመቶ፣ በ2019ኙ አነስተኛ ጥናት ደግሞ 28 በመቶ ብቻ ነበሩ። ባለሙያው በእጁ ያለውን፣ ማለትም የአምስተኛውን ወር ክብደት፣ እንደ ቅድመ እርግዝና ክብደት ቢወስድ ምን እንደሚሆን በስሌት ማየት ይቻላል። ቁመቷ 155 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 43 ኪሎ ግራም የነበረች ሴት ቢኤምአይዋ 17.9 ስለሆነ በመጀመሪያው ረድፍ ትመደባለች። አራት ኪሎ ጨምራ በአምስተኛው ወር ስትመጣ ግን ስሌቱ 19.6 ይሰጣል፤ «ተስማሚ» ተብላ ተጨማሪ ምግብ ሳታገኝ ትመለሳለች። በከተማ ደግሞ ተቃራኒው ይደርሳል። ቁመቷ 160፣ ክብደቷ 63 የነበረች ሴት ቢኤምአይዋ 24.6 ነበር። በ67 ኪሎ ስትመጣ 26.2 ሆኖ ይነበባል፤ ከመጠን ያለፈ ክብደት አለሽ ተብላ ምግቧን እንድትቀንስ ልትመከር ትችላለች። ያው ስሕተት ለቀጭኗ የሚገባትን ይነፍጋል፣ ለጤነኛዋ የማይገባትን ይጨምራል።

የክንድ መሃል ዙሪያ ልኬት በዚህ ረገድ የተሻለ አገልግሎት ይሰጣል። በእርግዝና ወራት እምብዛም ስለማይለወጥ ሴትየዋ ዘግይታ ብትመጣም ከማርገዟ በፊት የነበረችበትን ሁኔታ ይጠቁማል፤ ሚዛንም ሆነ ስሌት አይፈልግም። ከ23 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነች ነፍሰ ጡር ተጨማሪ ምግብ እንደሚያስፈልጋት ይታወቃል። መለኪያው ጥብጣብ ዋጋው ርካሽ በመሆኑ ነው መሰል ክብር ያጣው፤ ሚዛኑ ግን ያልተስተካከለ ቢሆንም እንኳ ይታመናል።

የዚህ ምልከታ ዋና ነጥብ ግን የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ናቸው። በ2009ኙ ሠንጠረዥ ላይ እነዚህ ወራት የያዙት ቦታ የግርጌ ማስታወሻ ብቻ ነው። ሳምንታዊው የክብደት ጭማሪ የተሰላው በመጀመሪያው ሦስት ወር ከ0.5 እስከ 2 ኪሎ ግራም ይጨመራል ተብሎ ታስቦ መሆኑ ይገለጽና ነገሩ ይዘጋል። ግምት እንጂ ምክር አይደለም። ለምን እንዲህ እንደቀረበ መረዳት አያስቸግርም፤ በ12ኛው ሳምንት የፅንሱ ክብደት 15 ግራም ገደማ ነው፤ ሚዛን የሚያነበው ነገር ገና የለም። የኃይል ፍላጎቱም እንዲሁ ነው። የአሜሪካው ኢንስቲትዩት በመጀመሪያው ሦስት ወር ምንም ተጨማሪ ካሎሪ አያስፈልግም ሲል፣ የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት ባለሙያዎች ደግሞ በቀን 85 ኪሎ ካሎሪ ይጨመር ይላሉ። ልዩነቱ በምሁራን ዘንድ ሊያከራክር ይችላል፤ በምግብ ሲተረጎም ግን ከአንድ እፍኝ ቆሎ አይበልጥም። ስለዚህ ክብደቷ ተስማሚ ለሆነ ሴት አማቷና ጎረቤቶቿ ከመጀመሪያው ሳምንት አንሥቶ የሚደጋግሙት «ለሁለት ብዪ» የሚለው ምክር በእነዚህ ወራት መሠረት የለውም።

ከዚህ ተነሥቶ የመጀመሪያው ሦስት ወር በአመጋገብ ረገድ ሥራ የማይፈልግ ወቅት ነው ወደሚል ድምዳሜ መድረስ እጅግ አደገኛ ነው፤ ሠንጠረዡም በዝምታው ወደዚያ ይገፋፋል። የፅንሱ የነርቭ ቧንቧ ከተፀነሰበት ቀን አንሥቶ በ28 ቀናት ገደማ ውስጥ ይዘጋል። አብዛኞቹ ሴቶች በዚያ ጊዜ የወር አበባቸው መቅረቱን ገና እያስተዋሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1991 በእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ይፋ የሆነው ጥናት ፎሊክ አሲድ ቀድሞ ስፓይና ቢፊዳ ወይም ተመሳሳይ ጉዳት ያለበት ልጅ በወለዱ ሴቶች ላይ ጉዳቱ እንዳይደገም በ72 በመቶ እንደቀነሰ አረጋግጧል። ፅንሱ የራሱ የታይሮይድ ዕጢ በበቂ ሁኔታ እስኪሠራ ድረስም የእናቱን ሆርሞን ጥገኛ ስለሆነ፣ አዮዲን የሌለው ጨው የሚያደርሰው ጉዳት ከእነዚሁ ወራት ይጀምራል። በ1944 እና በ1945 እ.ኤ.አ. ክረምት በኔዘርላንድስ የደረሰው ረኃብ የበለጠ አስተማሪ ነው። በእርግዝናቸው መጀመሪያ የተራቡት እናቶች በኋላ በቂ ምግብ ስላገኙ ልጆቻቸው በመደበኛ ክብደት ተወለዱ፤ ሆኖም ካደጉ በኋላ የልብ ሕመም በብዛት ታየባቸው። የእናቲቱም የልጁም ሚዛን ጤናማ ቁጥር እያሳየ ጉዳቱ ግን ደርሶ ነበር።

ከዚህ አንጻር የማቅለሽለሽ ጉዳይ በዝርዝር መታየት ነበረበት፤ መመሪያዎቹ በችኮላ ያልፉታል። ከመጀመሪያው ወር ማብቂያ ጀምሮ ብዙ ሴቶች ምግብ ይሸታቸዋል፣ የወጥ ቁሌት ያስመልሳቸዋል፣ ክብደታቸውም በአንድና በሁለት ኪሎ ሊቀንስ ይችላል። ይህ በአብዛኛው ፅንሱን አይጎዳም፤ ሠንጠረዡን በእጇ የያዘች አዋላጅ ነርስ ግን «አልጨመርሽም» ብላ ልታስደነግጣት ትችላለች። በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት መመገብ፣ ጠዋት ከአልጋ ከመነሣት በፊት ደረቅ ዳቦ ወይም ቂጣ መቅመስ፣ የሚሸተውን ወጥ ትቶ ቀዝቀዝ ያለ ምግብ መምረጥ ይበቃል። የቅድመ እርግዝና ክብደቷ 5 በመቶ ከቀነሰ፣ ሽንቷ ላይ ኪቶን ከታየና ውሃ መያዝ ካልቻለች ግን ነገሩ ሃይፐርኤሜሲስ ነው፤ መተኛት ይኖርባታል። ለቀናት ያስመለሳት ሴት ግሉኮስ ከመሰጠቱ በፊት ቫይታሚን ቢ1 ማግኘት እንዳለባት መዘንጋት በቬርኒኬ ሕመም ምክንያት የማይመለስ የአእምሮ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት የቅድመ ወሊድ ክትትል ምክረ ሐሳብ ከአሜሪካው ሠንጠረዥ በአንዳንድ ነገር ይሻላል። የመጀመሪያው ግንኙነት ከ12ኛው ሳምንት በፊት እንዲሆን ይጠይቃል፤ በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም አይረንና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ እንዲሰጥ ያዛል። ሆኖም ስለ ምግብ የሚናገረው የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ነፍሰ ጡሮች ከመጠን ያለፈ ክብደት እንዳይጨምሩ ጤናማ ምግብ እንዲመገቡና እንዲንቀሳቀሱ የሚመክር ነው። የተጎሳቆለ ሕዝብ ባለበት ግን ተጨማሪ ኃይልና ፕሮቲን ይመከር የሚለው በሁለተኛ ደረጃ ይመጣል። «የተጎሳቆለ» የሚባለውም ከሴቶቹ ቢያንስ 20 በመቶው ቀጫጭ የሆኑበት ሕዝብ ነው። ኢትዮጵያ በ22 በመቶ ከዚህ ወሰን በጥቂት ትበልጣለች። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ አንዲት የቤት ሠራተኛና አንዲት ነጋዴ ግን የአገር አማካይ አይገልጻቸውም። አንደኛዋ መጨመር፣ ሌላዋ ለስላሳ መጠጥና ጣፋጭ መተው ያስፈልጋት ይሆናል። የሕዝብ መለኪያ ለሕዝብ ዕቅድ ነው፤ ሴትየዋ በራሷ ክንድና በራሷ ማዕድ ልትመዘን ይገባል። የወፈረችውም ብትሆን በእርግዝናዋ ወቅት እንድትከሳ አትመከርም፤ ለእርሷም ቢሆን ዝቅተኛው ወሰን 5 ኪሎ መጨመር ነው።

የማዕዱ ጉዳይ በውጭ መመሪያ አይሸፈንም። የጾም ምግብን በጅምላ መንቀፍ በጤና ባለሙያዎች ዘንድ የተለመደ ቢሆንም ፍትሐዊ አይደለም። ሽሮ፣ ምስርና ጎመን የፎሌትና የዕፀዋት ፕሮቲን ምንጭ ናቸው፤ የእንጀራ ሊጥ መቡካቱም በእህሉ ውስጥ ያለው አይረን በተሻለ ሁኔታ እንዲሰርግ ያግዛል። የጎደለው ቫይታሚን ቢ12ና ካልሲየም ነው። ከሁሉም በላይ ግን በ55ቱ የዓቢይ ጾም ቀናት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ መዋል ማቅለሽለሹን ያብሳል። ነፍሰ ጡርን ከጾም የሚያሳርፍ ሥርዓት በክርስትናም በእስልምናም ያለ በመሆኑ፣ ምክሩ ከባለሙያው ብቻ ሳይሆን ከንስሐ አባትና ከሼኽ አፍ ቢወጣ የበለጠ ይደመጣል። ጎመኑ ለሰዓታት ተቀቅሎ ውሃው ሲደፋ ፎሌቱ አብሮ መሄዱ፣ ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ አይረኑን ማገዱ፣ አቦሉ ከማዕዱ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቢርቅ እንደሚሻል ለእናቲቱ መንገር ምንም ወጪ አይጠይቅም። በአንዳንድ አካባቢ ወተትና እርጎ ሕፃኑ ሲወለድ የሚታይበትን ነጭ ቅባት ያመጣሉ ተብሎ ይከለከላሉ፤ ቅባቱ የሕፃኑን ቆዳ የሚጠብቅ መሆኑን ማስረዳት ከቁጣ ይልቅ ይሠራል። ጥሬ ሥጋና ዱለት ግን በእርግጥ መከልከል አለባቸው፤ በቶክሶፕላዝማ ምክንያት ብቻ ሳይሆን፣ በጉበት ውስጥ ያለው ከፍተኛ ቫይታሚን ኤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንሱን ሊጎዳ ስለሚችልም ነው።

አሁን ባለው አሠራር ፎሊክ አሲድ የሚሰጠው በቅድመ ወሊድ ክትትል ክፍል ነው። በአራተኛውና በአምስተኛው ወር የተሰጠ ክኒን ለደም ማነስ ይጠቅማል እንጂ ለነርቭ ቧንቧው ዘግይቷል። በ2022 እ.ኤ.አ. የስንዴ ዱቄትን በቫይታሚንና በማዕድን ማበልጸግ ግዴታ መደረጉ ትልቅ እርምጃ ቢሆንም፣ የራሷን ጤፍና በቆሎ ወፍጮ ቤት አስፈጭታ ለምትበላ የገጠር ሴት አይደርስም። ሠንጠረዡ የሚፈልገው የቅድመ እርግዝና ክብደትም ሆነ ክኒኑ የሚፈልገው የቅድመ እርግዝና ጊዜ የሚገኙበት ቦታ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ከዚያው ኮሪደር ማዶ ያለው የቤተሰብ ዕቅድ ክፍል ነው። በየሦስት ወሩ መርፌ የምትወጋ ሴት ክብደቷ በካርዷ ላይ ይጻፋል፤ ስታረግዝ ግን ሌላ ካርድ ይወጣላትና የቀድሞው ቁጥር በመዝገብ ቤት ይቀራል። ልጅ ፈልጋ ኢምፕላንቷን ለማስወጣት የመጣች ሴት ቁመቷ፣ ክብደቷና የክንዷ ዙሪያ ተለክቶ፣ ቁጥሩ ወደ ክትትል ካርዷ የሚዛወርበት መንገድ ተበጅቶ፣ የሦስት ወር ፎሊክ አሲድ በእጇ ይዛ ብትወጣ፣ የ2009ኙ ሠንጠረዥ ቢያንስ ለእርሷ ሊነበብ የሚችል ይሆናል።